ሰውየው አሜሪካ አይደለም

በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ ጠዋት፣ ደሴ ፒያሳ ዘወትር ቡና በምጠጣበት ቤት፣ ገና ወንበር ሳልስብ ስልክ ከዓይኔ ሥር ተደቀነ። ራሰ በራ፣ ከሲታ ሽማግሌ ይናገራል። ከበላዩ በቀይ ፊደል «የአሜሪካው ከፍተኛ ባለሥልጣን፦ ዴሞክራቶች እጅ ሰጡ!» የሚል ርዕስ ተለጥፏል። ስልኩን የያዙት አንድ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። «አንተ የፈረንጅ ዜና ትተረጉም የለም እንዴ? ይኸው አሜሪካ ራሷ አመነች እኮ!» አሉኝ።

አሜሪካ ያመነችው ነገር የለም። የተናገረው ጄምስ ካርቪል ነው። ካርቪል ባለሥልጣን አይደለም፣ ቃል አቀባይ አይደለም፣ የፓርቲ ሊቀመንበርም አይደለም። የምርጫ ዘመቻ በመምራት ስሙን የተከለ፣ አሁን በቴሌቪዥንና በጋዜጣ አስተያየት የሚሰጥ፣ በ1944 የተወለደ አዛውንት ነው (ዓመቱ የፈረንጆቹ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም እንዲሁ)። ለ11 ዓመታት የውጭ ዜና ወደ አማርኛ ስመልስ ኖሬያለሁ። የአሜሪካ ምርጫ በቀረበ ቁጥር ይህ ስህተት እንደ ጦሳ ተራራ ጭጋግ ተመልሶ ይወርድብናል።

ጋሼ ያሳዩኝ ቪዲዮ መነሻው ካርቪል በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የጻፈው አስተያየት ነው። ለዴሞክራቶች የሰጠው ምክር ባጭሩ «ተኙ፣ የሞታችሁ ምሰሉ፣ ሪፐብሊካኖች በገዛ ክብደታቸው እስኪወድቁ ጠብቁ» የሚል ነበር። ምክር ነው እንግዲህ፤ የፓርቲ ውሳኔ አይደለም። አንድ ወር ከጥቂት ቀን ቆይቶ የዚያው ፓርቲ ሴናተር ኮሪ ቡከር በሴኔቱ መድረክ ቆሞ ሳይቀመጥ ከ25 ሰዓት በላይ ተናገረ። የሞተ መስሎ የሚተኛ ሰው 25 ሰዓት አይናገርም።

«ክሊንተንን ያነገሠው እርሱ አይደል? ታዲያ እንዴት ባለሥልጣን አይሆንም?» ይሉኛል። በ1992 የቢል ክሊንተንን ዘመቻ ከመሩት ዋነኞቹ አንዱ መሆኑ እውነት ነው። ክሊንተን ዋይት ሐውስ ሲገባ ግን ካርቪል ሹመት አልያዘም። አብሮት የሠራው ጆርጅ ስቴፋኖፖሎስ ገባ፤ ኋላም ወጥቶ የኤቢሲ ቴሌቪዥን ሰው ሆነ። የካርቪል ሙያ የጠበቃን ይመስላል። ደንበኛው ይከፍለዋል፣ ተሟግቶ ያስፈርድለታል፣ ፋይሉ ሲዘጋ ወደ ሌላ ደንበኛ ይሄዳል። ጠበቃ ባሸነፈ ቁጥር ዳኛ አይሆንም።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናገር። ስህተቱን ያመጡት ቪዲዮ አቀናባሪዎቹ ብቻ አይደሉም፤ እኔም አለሁበት። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ከካርቪል ስም ሥር «ዴሞክራቲክ ስትራቴጂስት» የሚል አየሁና «የዴሞክራቲክ ፓርቲ የስትራቴጂ ኃላፊ» ብዬ ተረጎምኩት። አለቃዬ ወደዱት፤ ከፊቱም በገዛ እጃቸው «ከፍተኛ» የሚል ጨመሩበት። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ አንዱ ለሌላው «የፓርቲው ከፍተኛ ኃላፊ ተናግሯል» ሲለው ሰማሁ። ያን ቀን ምራቄን ለመዋጥ ተቸገርኩ።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። እኛ አገር «ስትራቴጂ» የሚባለው ነገር ቢሮ አለው፣ ዳይሬክተር አለው፣ ማኅተም አለው፣ በሩ ላይ ታፔላ ተሰቅሏል። ስለዚህ ጆሯችን «ስትራቴጂስት» ሲሰማ ዓይናችን ወንበር ያያል። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከስም ሥር የሚጻፈው ይህ ቃል ግን የሹመት ስም አይደለም። ድሮ አንድ ዘመቻ ላይ የሠራ ሁሉ ሊጠራበት ይችላል፤ ማንም አይሾመውም፣ ማንም አይሽረውም። ወጣት ተርጓሚዎች ሲጠይቁኝ «ቀድሞ የዴሞክራቶችን የምርጫ ዘመቻ ይመራ የነበረ፣ አሁን አስተያየት ሰጪ» ብላችሁ ጻፉ እላቸዋለሁ። «ይረዝማል» ይሉኛል። ይርዘም! አንድ መስመር ቆጥቦ አንድ ከተማ ከማሳሳት ይሻላል። በዚያውም ማን እንደሚከፍለው፣ የተናገረውን በስሙ ይናገር በሌላ ሰው ስም ካላጣራችሁ ርዕስ አትስጡ። «ገለጸ» እና «አስተያየቱን ሰጠ» የሚሉትን ለዩ። መንግሥት ይገልጻል፤ ካርቪል ያወራል።

«ተሸንፎ አያውቅም» የሚለው ሁለተኛው ተረት ነው። ይህን በብዛት የምሰማው ኮምቦልቻ ካሉ ወጣቶች ነው፤ አንዱማ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ድረስ መጥቶ «የእርሱን ምስጢር ንገረኝ» ብሎኛል። ምስጢሩ ሽንፈት ነው። ካርቪል ያደገው በሉዊዚያና፣ በአያቱ ስም በተሰየመች ትንሽ ከተማ ነው። እናቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ኢንሳይክሎፒዲያ ይሸጡ ነበር። የማሪን ጦር ወታደር ሆኗል፣ ሕግ ተምሯል። በ1982 ቨርጂኒያ ላይ ለሴኔት ያዘጋጀው እጩ ተሸነፈ፤ በ1984 ቴክሳስ ላይም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ትልቅ ድል ያገኘው በ1986 ቦብ ኬሲ የፔንሲልቬኒያ ገዥ ሆኖ ሲመረጥ ነው። ያኔ 42 ዓመቱ ነበር። በ1991 በዚያው ግዛት ሐሪስ ዎፎርድን ለሴኔት ይዞ፣ ሲጀምር በሕዝብ አስተያየት መለኪያ ከ40 ነጥብ በላይ ይመራ የነበረውን ተፎካካሪ አሸነፈ። ዝናው የገነነው ያን ጊዜ ነው።

የ1992ቱን ድልም ለእርሱ ብቻ አትስጡት። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት ማግስት ከሕዝቡ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋ ድጋፍ ነበራቸው፤ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ያ ድጋፍ ቀለጠ። ሮስ ፔሮ የተባለ ባለጠጋም በግሉ ገብቶ 19 በመቶ ድምፅ ወሰደ። ክሊንተን ያሸነፈው በ43 በመቶ ነው።

«እንዲህ ያለ ሰው ቢቀጠር አገር ይቀናል» የሚሉ ደግሞ ቦሊቪያን ይዩ። በ2002 የካርቪል ድርጅት ለጎንዛሎ ሳንቼዝ ዴ ሎዛዳ ሠራ፤ ሰውየው ከ23 በመቶ ባነሰ ድምፅ አንደኛ ወጥቶ ፕሬዝዳንት ሆነ። በጥቅምት 2003 ብዙ ሰው በሞተበት ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቅቆ ወደ አሜሪካ ሸሸ። ዘመቻ መሪው የሚከፈለው ለምርጫው ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ቀን አይደለም።

«‹ጅሉ፣ ኢኮኖሚው ነው!› ብሎ ቡሽን በአደባባይ ሰደበው» ይባላል። አልሰደበውም። ሊትል ሮክ በነበረው የዘመቻው ቢሮ ግድግዳ ላይ ለገዛ ሠራተኞቹ ከጻፋቸው ሦስት መስመሮች አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ስለ ለውጥና ስለ ጤና አገልግሎት ነበሩ።

«ሚስቱ ለቡሽ ትሠራ ነበር፤ ስለዚህ ጠቡ ሁሉ ድራማ ነው።» ሜሪ ማታሊን በ1992 በተቃራኒው ጎራ ነበረች፤ በ1993 ተጋቡ። ከአንድ ቤት አንዱ ወደ መስጊድ፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወጣበት ወሎ ተቀምጦ በዚህ የሚደነቅ ሰው እኔን ያስደንቀኛል።

«ጋዜጠኛ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ ዘመቻ መሪዎች ቴሌቪዥን ላይ ቢቀመጡም ወገናቸውን አይለቁም። የአል ጎርን የ2000 ዘመቻ የመራችው ዶና ብራዚል የሲኤንኤን አስተያየት ሰጪ ሆና ሳለ ለእጩዎች የሚቀርቡ የክርክርና የውይይት ጥያቄዎችን አስቀድማ ለሂላሪ ክሊንተን ዘመቻ እንዳቀበለች በ2016 ከወጡ ኢሜይሎች ታወቀ፤ ከጣቢያውም ተለያየች። በሪፐብሊካኖቹም በኩል የዘመቻ ሰው የነበረው ካርል ሮቭ በ2012 የምርጫ ሌሊት የሚሠራበት ፎክስ ኒውስ ኦሃዮን ለኦባማ ሲሰጥ በቀጥታ ስርጭት ተከራከረ። እነዚህ ሰዎች ወገን አላቸው፤ ወገናቸውንም አይደብቁም። የምንሳሳተው እኛ ነን።

የሚያበሳጨኝ ግን ትንቢቱ ነው። በጥቅምት 2024 ካርቪል ካማላ ሐሪስ እንደምታሸንፍ እርግጠኛ ነኝ ብሎ ጻፈ። ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ ሚስቱ አሜሪካ ናት፤ ወደ እርሷ ለመሄድ የሚላክላትን ወረቀት ከመሳቢያ ሳያወጣ ሰነበተ። «ሐሪስ ዋይት ሐውስ ከገባች ነገሩ ይቀላል፤ ባለሥልጣኑ ተናግሯል፤ ምን ያስቸኩላል?» አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። ኅዳር ገብቶ ትራምፕ በ312 የወኪል መራጮች (ኤሌክቶራል ኮሌጅ) ድምፅ ሲያሸንፍ ደውሎ «ያ ባለሥልጣን ዋሸን እንዴ?» አለ። አልዋሸም፤ ተሳስቷል። ሐኪም ሲሳሳት ፈቃዱ ይጠየቃል፣ ባለሥልጣን ሲሳሳት ወንበሩ ይነቃነቃል፤ አስተያየት ሰጪ ሲሳሳት በማግስቱ ለምን እንደተሳሳተ እንዲያብራራ እንደገና ይጋበዛል።

ከዚህ አብዛኛውን በዚያ ጠዋት ለጋሼ ዘረዘርኩላቸው፤ ሁለተኛው ስኒም አለቀ። «እሺ፣ አሜሪካ ስትናገር በማን አፍ ነው የምትናገረው?» አሉኝ። የዋይት ሐውስና የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቃል አቀባዮች እንዳሉ ነገርኳቸው፤ ስልካቸውን ተቀብዬ የአንዱን መግለጫ ከፈትኩላቸው። ሁለት ደቂቃ ያህል በትዕግሥት አዩና ስልኩን ወሰዱ።

«ይሄስ እንቅልፍ ያመጣል» ብለው ወደ ራሰ በራው ሽማግሌ ተመለሱ።