ጠባይ የስብዕና መታወክ የሚባለው መቼ ነው?

ተጠራጣሪነት፣ ዓይን አፋርነት ወይም ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ በራሱ ሕመም አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የአእምሮ ሕመሞች መመርመሪያ መመሪያ (ዲኤስኤም-5) የስብዕና መታወክ የሚለው፣ ጠባዩ በሰውየው ባህል ከሚጠበቀው በጉልህ የራቀ፣ ከጉርምስና ወይም ከወጣትነት መጀመሪያ አንሥቶ የዘለቀ፣ በብዙ ሁኔታዎች የማይለዋወጥና ከባድ ጭንቀት ወይም የኑሮ እክል የሚያስከትል ሲሆን ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አለመለዋወጡ ነው፤ ሒሳብ ሲመረምር እያንዳንዱን ቁጥር ደጋግሞ የሚያይ ሠራተኛ ጥንቃቄው ይጠቅመዋል፤ ያው ሰው ተራ ደብዳቤ እንኳ እንከን የለሽ ካልሆነ አልልክም እያለ ቀነ ገደብ የሚያሳልፍ፣ ቤቱም ሌሎች የሠሩትን ሁሉ እንደገና የሚሠራ ከሆነ ግን ጠባዩ መጉዳት ጀምሯል። ጠባዩ ያለበት ሰው ራሱ ችግሩን ላያየው ስለሚችል (በእኔ እይታ ትልቁ ፈተና ይህ ነው) ሐኪሙ የቅርብ ሰዎችንም ቢጠይቅ ይበጃል። በድብርት ወይም በሱስ ወቅት ብቻ የታየ ለውጥ ለዚህ ምርመራ አይበቃም።