«ጆይን ኢን»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጆይን» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ አንዴ «መቀላቀል» ተብሎ ከተተረጎመ በኋላ «ጆይን ኢን»ም እንዲሁ «መቀላቀል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አቋራጭ በንባብ ጊዜ ብዙም አይጎዳም፤ ተማሪው ራሱ ዓረፍተ ነገር መሥራት ሲጀምር ግን ይጋለጣል።

ከሁሉም ሥር የሰደደው አመለካከት «ኢን» ምንም ትርጉም አትጨምርም የሚለው ነው። እውነታው ግን፣ «ጆይን» ብቻውን ሲቆም ሰውን፣ ቡድንን ወይም ማኅበርን መቀላቀልን ሲያመለክት፣ «ጆይን ኢን» ሌሎች የያዙትን ድርጊት አብሮ ማድረግን ይገልጻል። «ሺ ጆይንድ ዘ ኳየር» ከተባለ ሴትዮዋ የመዘምራኑ ቡድን አባል ሆናለች፤ «ሺ ጆይንድ ኢን ዘ ሲንጊንግ» ከተባለ ግን አባል ትሁን አትሁን አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሌሎች ሲዘምሩ አብራ መዘመሯ ብቻ ነው። ነገሩ ስለ ዘፈን ከሆነ፣ በእኔ ግምት ከ«ተቀላቀለ» ይልቅ የእኛው «ተቀበለ» ይበልጥ ይቀርበዋል፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው አዝማቹን ይቀበላል እንጂ አይቀላቀልምና። በጨዋታና በውይይት ደግሞ «ተሳተፈ» ይበቃል።

«አይ ጆይንድ ኢን ዘ ካምፓኒ» የሚለው ስሕተትም ከዚሁ የሚወለድ ነው፤ ድርጅት ድርጊት ስላልሆነ «ኢን» አታስፈልግም።

«ጆይን ቱ ዘ ቲም» ትክክል የሚመስለው በአማርኛ «ወደ ቡድኑ ተቀላቀለ» ስለሚባል ነው። የሚገርመው፣ አማርኛው ራሱ «ቡድኑን ተቀላቀለ» ማለትንም ይፈቅዳል፤ እንግሊዝኛው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። «ቱ» የምትገባው አንድን ነገር ከሌላው ጋር ስናያይዝ፣ ለምሳሌ ቧንቧን ከቧንቧ ጋር ስንቀጥል ነው።

«ተርን ኢት ኦን» («አብራው») እንደሚባለው ሁሉ «ጆይን ኢት ኢን» ይባላል የሚሉም አሉ። አይባልም። ድርጊቱ የሚጠቀሰው ከ«ኢን» በኋላ ነው፤ ሰዎቹ ሲጠቀሱ «ጆይን ኢን ዊዝ ዘም» ይባላል፤ ድርጊቱ አስቀድሞ ከታወቀ ደግሞ «ካን አይ ጆይን ኢን?» በራሱ ሙሉ ጥያቄ ነው።

«ጆይን አፕ»ን የ«ጆይን ኢን» መንታ አድርጎ መውሰድም ያሳስታል። በተለይ በብሪታንያ እንግሊዝኛ የሚቀላቀሉት ነገር ሳይጠቀስ ሲመጣ በውትድርና መመዝገብ ማለት ስለሆነ፣ «ሂ ጆይንድ አፕ ኢን 1914» የሚለውን «በ1914 ተቀላቀለ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን «ምኑን?» ያሰኘዋል። «ጆይንድ አፕ ራይቲንግ» የሚባለው ደግሞ ፊደላቱ እርስ በርስ ተያይዘው የሚጻፉበት የእጅ ጽሕፈት ነው፤ የሚቀላቀል ሰው በውስጡ የለም።