በጎጃም በዘመድና በወዳጅ ቤት የሚያድጉ ልጆች ትምህርትና ድጋፉ

ጎጃም ውስጥ «ልጅ» የሚለው ቃል ብዙ ቅጽል አለው። የጡት ልጅ አለ፤ የማደጎ ልጅ አለ፤ የክርስትና ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ የቀለም ልጅ አለ። አንድ ሰው የአብራኩ ክፋይ ያልሆነውን ልጅ ከራሱ ጋር የሚያስተሳስርበት መንገድ እንደዚህ በርካታ ስም ካገኘ፣ ነገሩ የቆየና የተለመደ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ይህ ዳሰሳ በአያት፣ በአጎት፣ በአክስት፣ በታላቅ እህት ወይም ወንድም፣ በክርስትና አባት፣ በወላጅ ባልንጀራ ቤት እያደጉ ስለሚማሩ ልጆችና ትምህርታቸው ስለሚደገፍበት መንገድ ነው። ጎጃም ሲባል እዚህ ላይ የምሥራቅ፣ የምዕራብና የሰሜን ጎጃም ዞኖችን፣ አዊንና ባሕር ዳርን ይመለከታል። የቀድሞው ክፍለ ሀገር መተከልንም ይጨምር ነበር።

ልጆቹ ለምን ከወላጅ ቤት ይወጣሉ

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» ይባላል። አስተማሪ በክፍሉ ውስጥ የሚያያቸው ሁለቱንም ነው። የመጀመሪያው የሙት ልጅ ነው፤ በግእዙ እጓለ ማውታ። ሁለተኛው ወላጆቹ በሕይወት ያሉ፣ ነገር ግን የተፋቱ ወይም ለሥራ ርቀው የሄዱ ናቸው። አባት ሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ ይወርዳል፤ እናት ዓረብ አገር ትሄዳለች፤ ልጁ አያቱ ጉያ ይቀራል። ፍቺ ሲሆን ደግሞ እናት ወይም አባት ሌላ ትዳር ሲይዙ ልጁ የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ፊት እንዳያይ ተብሎ ለሴት አያቱ ይሰጣል። ከኤችአይቪ ጋር በተያያዘ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች የበዙት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ ከሰፈሩት መካከልም ልጆቻቸውን ለዘመድ የሰጡ ነበሩ።

በመጨረሻ ለትምህርት ብሎ የሚሰጥ ልጅ አለ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ አጎት ግን ከተማ ቤት አለው። ይህ ስጦታ እንጂ ማጣት አይባልም፤ ልጁ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አያየውም።

የአብነት ትምህርት ቤቱና የመንደሩ እጅ

የሌላ ሰው ልጅን ማስተማር በጎጃም ከሁሉ አስቀድሞ ሥርዓት ይዞ የታየው በአብነት ትምህርት ቤት ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው ከአገሩ አልፎ የታወቀ ነው። ከሸዋ፣ ከጎንደርና ከወሎ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ልጅ እዚያ ሲደርስ ዘመድ የለውም። ዘመድ እንዳይኖረውም ተፈልጎ ነው፤ በእናቱ መንደር የሚማር ልጅ እርሻ ሲደርስ ይጠራል፣ ሠርግ ሲሆን ይጠራል ይላሉ አባቶች። አንዳንዱ ሳይሰናበት በሌሊት ጠፍቶ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

የአብነት ትምህርት በየደረጃው ይሄዳል። ፊደል፣ ንባብና ዳዊት ከተደገሙ በኋላ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት ይከተላሉ። ጎጃም በተለይ የሚነሣው በቅኔው ነው። ተማሪው በቅኔ ዓይነቶቹ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ለብቻው ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል። የቅኔ መነሻ ቅዱስ ያሬድ ነው ወይስ የጎንጁ ሊቅ ተዋነይ ነው የሚለው ክርክር አላለቀም። ሁለቱም ወገን የየራሱን ማስረጃ ያቀርባል። ጎንጅ የቅኔ ምንጭ መሆኗን ግን አገሬው ሲከራከርበት አይሰማም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተማሪ ማን ያበላዋል? መንደሩ ነው። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይቆማል፤ ውሻ ይጮኽበታል፤ ባለቤቲቱ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። የተገኘው የጋራ ነው። ትርፉ ደርቆ ድርቆሽ ይሆንና ክረምት ሲመጣ ይበላል። ተማሪዎቹ በመምህሩ ቤት ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ፤ ትልቁ ትንሹን ያስጠናል፤ ሲታመም ውኃ የሚያቀርብለትም እሱ ነው። የኔታ ደሞዝተኛ አይደለም። ገዳሙ ወይም ደብሩ ከሚሰጠው ድርጎ ጋር የተማሪው ጉልበት ይረዳዋል፤ እርሻውን ያርሱለታል፣ እንጨት ይለቅሙለታል። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው መምህሩን «የቀለም አባቴ» ይለዋል፤ መምህሩም «የቀለም ልጄ» ይለዋል፤ ተማሪውም ሲመረቅ የሚጠራው በመምህሩ ስም ነው። በ1902 ዓ.ም. የተወለደው ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ እየተዘዋወረ የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ሥርዓቱ ለወንድ ልጅ የተሠራ ነበር። ሴት የተማረች ከሆነች ከአባቷ ቤት ነው፤ ዓይነ ሥውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ትምህርቷን ከአባቷ ማግኘቷ ይታወቃል። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ልመናው እየቀረ፣ አንዳንድ ጉባኤ ቤቶች ከማኅበረ ቅዱሳንና ከሌሎች ለጋሾች በሚገኝ ቀለብ ይተዳደራሉ። የለመነ ልጅ ትዕግሥት ይማራል የሚሉ አሉ፤ የተራበ ልጅ አይማርም የሚሉም አሉ። ሁለተኞቹ ይበልጥ ትክክል ይመስሉኛል።

ከርስት እስከ ይዞታ ደብተር

በርስት ዘመን ልጅ ከአባቱም ከእናቱም ወገን መሬት ይጠይቅ ስለነበር፣ የሙት ልጅ ማሳደግ ርስቱን ማረስም ነበር። አሳዳጊ አጎት የልጁን ድርሻ እያረሰ ዳዊት ያስደግመዋል፤ ልጁ ሲጎለምስ ድርሻውን ይጠይቃል፤ ሙግቱም እዚያ ላይ ይጀመራል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ። ዛሬ የሙት ልጅ የመሬት ይዞታ በሞግዚቱ በኩል ይተዳደራል፤ ለእኩል አራሽ ተሰጥቶ ከሚገኘው እህል ደብተሩ፣ ልብሱና ጫማው ይገዛለታል። ሞግዚቱ ቅን ከሆነ ይህ ከማንኛውም ዕርዳታ ይበልጣል።

በከተሞች ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ፣ በደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ከየወረዳው የመጡ ልጆችን ተቀበለ። የጣሊያን ወረራ ዓመታት ሥራውን አቋረጡት።

ሕጉ ምን ይላል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሞግዚትነትንና ጉዲፈቻን ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ የአማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን አወጣ። በፌዴራሉ ሕግ ሁለቱም ወላጆች በሌሉበትና ኑዛዜ ባልተገኘበት ጊዜ ሞግዚት የሚሆኑት በቅደም ተከተል አያቶች፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያ አጎቶችና አክስቶች ናቸው። አያት ቀድማ መቆጠሯ ከባህሉ ጋር ይስማማል። የወላጅ ባልንጀራና የክርስትና አባት በዝርዝሩ የሉም፤ እነሱ በፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም በጉዲፈቻ ነው የሚገቡት። ለጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው፣ ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ ስምምነቱንም ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. ቀርቷል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ለሙት ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲደረግ አዝዟል።

የጡት ልጅ በዚህ መካከል የት ይገባል? በልማዱ አሳዳጊው ጣቱን ወይም ጡቱን ማር ቀብቶ ልጁን ያጠባዋል፤ ሽማግሌ ይቆማል፤ መሐላ አለ። ያኔ ልጁ የእሱ ነው። ርስት ይወርሳል አይወርስም በሚለው ላይ ሽማግሌዎች ይለያያሉ። ፍርድ ቤት ግን መሐላውን ሳይሆን የጸደቀ ውል ይጠይቃል።

ለትምህርት ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ስም ነው። ብዙ ጊዜ አጎት ልጁን በሚያስመዘግብበት ቀን በራሱ ስም ያስጠራዋል፤ ፍቅር ነው፣ ግን ከዓመታት በኋላ ስምንተኛ ክፍል ላይ ወይም አስራ ሁለተኛ ላይ የወላጅ አባት ስም ያለበት ሰነድ ይመጣና ሁለቱ አይገጥሙም። ያኔ ሩጫው ፍርድ ቤት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 የልጅን ልደት ወላጅ ባይኖር ሞግዚት ወይም ልጁን የያዘው ሰው እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል፤ ጊዜው 90 ቀን ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱት ቀበሌ ሄደው ምስክር መቁጠር ግድ ሆኖባቸዋል።

በቤት፣ በክፍልና በእረኝነት

«ወላጅ አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ለእነዚህ ልጆች ከባድ ነው። አስተዋይ የክፍል ኃላፊ «አሳዳጊህን» ይላል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ሕብረት ውስጥ አያቶች የሚቀመጡባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ፊደል ባትቆጥርም አያቲቱ ልጁ ቀረ ወይስ መጣ የሚለውን ከመምህሩ በላይ ታውቃለች።

ገጠር ላይ ዋናው ጠላት ከብት ነው። ትምህርቱ በፈረቃ መሆኑ እዚህ ይጠቅማል፤ የቤቱ ልጅ ጠዋት ሲማር የመጣው ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ከሰዓት ይቀያየራሉ። ቅን አሳዳጊ ቤት ይህ እውነት ነው። ሌላው ቤት ግን የራሱን ልጅ ያስተምራል፣ የእህቱን ልጅ ከብት ላይ ያውላል፤ ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ የአክስት ቤት ሠራተኛ ትሆናለች። ይህን ማንሣት ነውር ነው የሚሉ ስላሉ ብዙ አይነገርም። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ሲደርስ የመቅረት መዝገቡ ግን ይናገራል።

ድጋፉ ብዙውን ጊዜ በትንንሽ እጆች የተከፋፈለ ነው። የክርስትና አባት በዓመት አንድ ጊዜ ልብስ ይገዛል፤ የጽዋ ማኅበሩ ደብተርና እስክሪብቶ ያዋጣል፤ ዕድሩ የሟች ልጅ የሚያስፈልገውን ይጠይቃል፤ አክስት ባሕር ዳር ሆና የክፍያውን ብር ትልካለች። ማንም «አሳደግሁ» ብሎ ብቻውን አይመካም፤ ልጁም ማንን እንደሚያመሰግን አይቸገርም፣ ሁሉንም ነው።

ስንቅ ይዞ ከተማ

የመንደሩ ትምህርት ቤት ሲያበቃ ልጁ ወደ ወረዳ ከተማ ይሄዳል። ዘመድ ካለው እዚያ ያርፋል፤ ከሌለው ሦስትና አራት ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ማታ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ዓርብ ከሰዓት ስንቁ አልቆ በእግራቸው ይመለሳሉ። ሱቁ ያለው የአባት ጓደኛ በዱቤ ጨው፣ በርበሬና ሳሙና ይሰጣል፤ ሂሳቡም እህል ሲሸጥ ይከፈላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ፣ ቤቱን ያከራዩት ሰዎች አንዳንዶቹ ኪራዩን ተዉ፤ አልጋና ሣጥኑን ግን ሳያወጡ አስቀመጡላቸው።