የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ ማጫወት፦ ከዋይን እስከ ፕሮቶን

ሊኑክስ መጫን ፈልገው "ጌሞቼስ?" ብለው ሚተዉት ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ጥያቄው ደሞ ተገቢ ነው ምክንያቱም ለፒሲ ከሚወጡት ጌሞች አብዛኞቹ የተሰሩት ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ከ10 ዓመት በፊት ቢሆን መልሱ "እርሱት" ነበር። ዛሬ ግን ስቲም ላይ (ትልቁ የፒሲ ጌም መሸጫ ነው) ካሉት ጌሞች አብዛኞቹ ሊኑክስ ላይ ይነሳሉ፣ ብዙዎቹም ምንም ሳትነካኩ። ይሄ እንዴት መጣ፣ ውስጡ እንዴት ነው ሚሰራው፣ እስካሁን እምቢ ያለውስ የቱ ጋ ነው ሚለውን ነው እዚ ማስቀምጠው፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሁሉም መሰረት ዋይን ሚባለው ፕሮግራም ነው። አርማው የወይን ብርጭቆ ቢሆንም ስሙ የተወሰደው "ዋይን ኢሙሌተር አይደለም" ከሚለው የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር የመጀመሪያ ፊደሎች ነው። በ1993 ቦብ አምስታድትና ኤሪክ ያንግዴል የዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ለማስነሳት ብለው ጀመሩት፣ በ1994 አሌክሳንደር ዡሊያር ተረከበውና እስከዛሬም ሚመራው እሱ ነው። 1.0 ሚለውን ቁጥር ያገኘው በጁን 2008 ነው፣ ከተጀመረ 15 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይሄን ያህል የቆየበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ኮድ አያሳይም፣ ስለዚ የዋይን ሰዎች ከውጪ ሆነው ትንንሽ መሞከሪያ ፕሮግራም ይጽፉና ዊንዶውስ ላይ አስነስተው "ይሄን ስጠይቀው ምን ይመልሳል" ብለው ያያሉ፣ ከዛ ያንኑ መልስ ሚሰጥ የራሳቸውን ኮድ ከዜሮ ይጽፋሉ። እንደውም የማይክሮሶፍትን ኮድ በሆነ አጋጣሚ ያየ ሰው ዋይን ላይ እንዲሰራ አይፈቀድለትም፣ ነገ ኮድ ሰረቃችሁ እንዳይባሉ። ዊንዶውስ ላይ ስህተት ካለም ስህተቱን እንዳለ መኮረጅ አለባቸው፣ በዛ ስህተት ላይ ተደግፎ የተሰራ ጌም ይኖራላ። እኔ ይሄን ስራ በጣም ነው ማከብረው፣ ከ30 ዓመት በላይ የተለፋበት ነገር ነው እኮ፣ ብዙ ሰው ግን ስሙን እንኳ ሳያውቅ ነው ሚጠቀምበት።

ኢሙሌተር አይደለም ሲባል ምን ማለት ነው? የፕሌስቴሽን 2 ጌም ፒሲ ላይ ስታስነሱ ኢሙሌተሩ የሌላ ማሽን ፕሮሰሰር አስመስሎ እያንዳንዷን ትእዛዝ መተርጎም አለበት፣ ኮምፒውተሩን ሚያደክመው ለዛ ነው። የዊንዶውስ ጌም ግን የተጻፈበት ፕሮሰሰር እናንተ ጋ ካለው ጋር አንድ ነው፣ ያው ኢንቴል ወይ ኤኤምዲ፣ ስለዚ የጌሙ ስሌት በቀጥታ ይሰራል፣ ማንም መሀል አይገባም። ልዩነቱ ሚመጣው ጌሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሆነ ነገር ሲጠይቅ ነው፣ "ይሄን ፋይል ክፈትልኝ"፣ "መስኮት ስጠኝ"፣ "ይሄን ድምጽ አሰማልኝ" ሲል። እዛ ጋ ዋይን እንደ ሽማግሌ መሀል ይገባና የአንዱን ቤት ጥያቄ ሌላኛው ቤት በሚቀበለው አነጋገር ያደርሳል፣ መልሱንም ይዞ ይመለሳል። ጌሙ ዊንዶውስ ላይ ያለ ነው ሚመስለው።

ይሄን በአይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ስቲም ላይ አንድ የዊንዶውስ ጌም ካስነሳችሁ በኋላ የስቲም ፎልደር ውስጥ ግቡ፣ ከዛ ስቲምአፕስ፣ ከዛ ኮምፓትዳታ። በቁጥር የተሰየሙ ፎልደሮች ታያላችሁ፣ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጌም ነው። አንዱን ስትከፍቱ ፒኤፍኤክስ ሚል አለ፣ እሱ ውስጥ ድራይቭ ሲ፣ እዛ ውስጥ ደሞ ዊንዶውስ፣ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ዩዘርስ፣ ልክ የምታውቁት ሲ ድራይቭ። ዩዘርስ ውስጥ ስቲምዩዘር ሚባል ተጠቃሚ አለ፣ ብዙ ጌሞች ሴቭ ሚያረጉት የሱ ዶክዩመንትስ ውስጥ ነው። ሪጅስትሪው (ዊንዶውስ ሴቲንጎችን ሚያስቀምጥበት) ሳይቀር አለ፣ ግን ተራ የጽሁፍ ፋይል ነው፣ በጽሁፍ ኤዲተር ከፍታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ይሄ ሙሉ ፎልደር ፕሪፊክስ ይባላል፣ ለእያንዳንዱ ጌም ለየብቻው ስለሚሰራ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም። ጌም እምቢ ሲላችሁ ይሄን ፎልደር ማጥፋት ዊንዶውስን ፎርማት አርጎ እንደ መጫን ነው፣ ስቲም መልሶ አዲስ ይሰራዋል። ግን በናታችሁ መጀመሪያ ሴቭ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ኮፒ አርጉ፣ ጌሙ ክላውድ ላይ ሴቭ ማያረግ ከሆነ የስንት ወር ድካም አብሮ ነው ሚጠፋው።

ለረጅም ጊዜ ትልቁ እንቅፋት ግራፊክሱ ነበር። የዊንዶውስ ጌሞች ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ሚነጋገሩት በማይክሮሶፍቱ ዳይሬክት3ዲ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ያሉት ግን ኦፕንጂኤልና ከ2016 ጀምሮ የመጣው ቩልካን ናቸው። ዋይን ዳይሬክት3ዲን ወደ ኦፕንጂኤል ይቀይር ነበር፣ ለድሮ ጌሞች ጥሩ ነው፣ ለዳይሬክት3ዲ 11 ግን ወይ አይሰራም ወይ ፍሬሙ ወርዶ ይንቀረፈፋል። በ2017 ፊሊፕ ሬቦሌ ሚባል ልጅ ኒር ኦቶማታ ሚባለውን ጌም ሊኑክስ ላይ መጫወት ፈልጎ ዳይሬክት3ዲ 11ን ወደ ቩልካን ሚቀይር ፕሮግራም ጀመረ፣ ዲኤክስቪኬ ነው ስሙ። ነገሩን ሁሉ የቀየረው ይሄ ነው ብዬ ነው ማምነው። የስቲም ባለቤት የሆነው ኩባንያ ቫልቭ ብዙም ሳይቆይ ቀጠረው፣ በ2019 መጨረሻ ጆሹዋ አሽተን የሰራው የዳይሬክት3ዲ 9 ክፍል ተቀላቀለበት፣ ለ12 ደሞ ቪኬዲ3ዲ ፕሮቶን ሚባል ሌላ አለ።

ቫልቭ ለምን ገባበት? ስቲም የቆመው ዊንዶውስ ላይ ነበር፣ በ2012 ዊንዶውስ 8 የራሱን ስቶር ይዞ ሲመጣ የቫልቩ ጌብ ኒውዌል ለፒሲ አለም ትልቅ መአት ነው ብሎ በግልጽ ተናገረ። በ2013 ስቲም ለሊኑክስ ወጣ፣ በ2015 ስቲም ማሽን ሚባሉ ሊኑክስ ያለባቸው ኮምፒውተሮች ገበያ ላይ ዋሉ ግን አልተሳካም፣ ጌም ሰሪዎቹ ለጥቂት ሰው ብለው የሊኑክስ ቨርዥን አልሰሩማ። ከዛ ሀሳባቸውን ገለበጡት፣ ሰሪዎቹን ከመለመን የዊንዶውሱን ጌም እንዳለ ማስነሳት። ኮድዊቨርስ ከሚባለው፣ ዋይን ላይ ከሚሰራው ኩባንያ ጋር ሆነው ዋይንን፣ ዲኤክስቪኬንና ሌሎች ነገሮችን ባንድ ጠቅልለው በኦገስት 2018 ፕሮቶን ብለው አወጡት፣ ሲጀምር ተፈትሾ የጸደቀው 27 ጌም ብቻ ነበር። በፌብሯሪ 2022 ስቲም ዴክ ሚባለው በእጅ ሚያዝ ኮምፒውተር ሲወጣ ሲስተሙ ሊኑክስ ነው፣ የገዛው ሰው ግን ሊኑክስ ይሁን ምን ሳያስብ ነው ጌሙን ሚጫወተው። በኦክቶበር 2025 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ሲያበቃ ስቲም ተጠቃሚዎቹ ምን ሲስተም እንዳላቸው በሚያይበት የዛው ወር ቆጠራ ላይ ሊኑክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ3 በመቶ አለፈ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ለዓመታት 1 በመቶ አካባቢ ነበር እኮ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ስቲም ሴቲንግ ውስጥ ኮምፓቲቢሊቲ ሚለው ላይ ፕሮቶን መብራቱን ታያላችሁ፣ ከዛ ጌሙን ዊንዶውስ ላይ እንዳላችሁ ኢንስቶል ነው። ካልተነሳ ጌሙ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ሌላ የፕሮቶን ቨርዥን መምረጥ። አንድ ጌም ይሰራል አይሰራም ለማወቅ ተጫዋቾች ራሳቸው ሞክረው ፕላቲነም፣ ጎልድ፣ ሲልቨር እያሉ ደረጃ ሚሰጡበት ፕሮቶንዲቢ አለ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን እዩ። ቫልቭ በህግ ምክንያት ማያካትታቸው የቪዲዮ ነገሮች ያሉበት ጂኢ ፕሮቶን ሚባልም አለ፣ በጌሙ መሀል ሚመጡት ፊልሞች ጥቁር ሆነው ከቀሩ እሱን ሞክሩ። ከስቲም ውጪ ኤፒክና ጂኦጂ ለሚባሉት የጌም መሸጫዎች ሂሮይክ፣ ለሌላው ሉትሪስና ቦትልስ አሉ።

አሁን ሰው ሚደናቀፍባቸው ነገሮች። የመጀመሪያው ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን የጫኑ ሰዎች ጌሙን ያው የዊንዶውሱ ፓርቲሽን ላይ ትተው ስቲምን ወደዛ ያመለክቱታል፣ ፕሌይ ሲሉት ትንሽ አስቦ በቃ ይዘጋል፣ ምንም ሚል ጽሁፍ የለም። ምክንያቱ ፕሮቶን ፕሪፊክሱ ውስጥ ሲ ብሎ ሁለት ነጥብ ያለበት ስም መፍጠር አለበት፣ የዊንዶውሱ የዲስክ ፎርማት ኤንቲኤፍኤስ ደሞ ሁለት ነጥብ ስም ውስጥ አይፈቅድም። ጌሙን ሊኑክስ የራሱ ፎርማት ወዳለበት ፓርቲሽን ስታዛውሩት ይስተካከላል።

ሁለተኛው የግራፊክሱ እድሜ ነው፣ እኛ አገር ያገለገለ ላፕቶፕ ስለሚበዛ ይሄን በደንብ አንብቡት። አዲሱ ዲኤክስቪኬ ቩልካን 1.3 ይፈልጋል፣ 3ኛና 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ላይ ያለው ግራፊክስ ግን ቩልካኑ ጎዶሎ ነው፣ ድራይቨሩ ራሱ "ድጋፉ ያልተሟላ ነው" ብሎ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። የኔ ላፕቶፕ 4ኛ ትውልድ ነው፣ ፔስ 2013ን በቦትልስ ሳስነሳው ጥቁር ስክሪን ብቻ ነበር፣ ተስፋ ልቆርጥ ስል ዲኤክስቪኬን አጥፍቼ በዋይን በራሱ በኦፕንጂኤሉ መንገድ ሞከርኩት፣ ስታዲየሙ መጣ፣ ኳሱ ተንከባለለ፣ ያን ማታ ከወንድሜ ጋር እስከ ስድስት ሰአት ተጫወትን። ከ6ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለው ኢንቴል ይሄ ችግር የለበትም።

ሶስተኛው ዳታ ነው። ስቲም ጌሙ መሀል መሀል ላይ እንዳይደነቃቀፍ ሼደር ሚባሉትን የግራፊክስ ቁርጥራጮች ቀድሞ ያወርዳል፣ አንዳንዴ ይሄ ማውረድ በጊጋባይት ይሄዳል፣ ፕሮቶን ራሱም ሲወርድ ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው። በፓኬጅ ሚጠቀም ሰው ዳውንሎድስ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የሼደሩን ማጥፋት ይችላል፣ መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ሊደነቃቀፍ ይችላል እንጂ ጌሙ ይሰራል።

ደሞ አንድ ነገር፣ ፍላሽ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር በተላለፈ ቁጥር በሚመጣው ቫይረስ ተማረው ወደ ሊኑክስ የመጡ ብዙ ናቸው። ዋይን ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ያስነሳል፣ ቫይረስ ደሞ ፕሮግራም ነው። ዋይን ዜድ ሚባል ድራይቭ ፈጥሮ ሙሉ ፋይላችሁን ስለሚያሳይ ምንጩ ያልታወቀ ጌም ካስነሳችሁ የግል ፋይላችሁን ሊነካ ይችላል፣ ሊኑክስ ነኝ ብላችሁ አትዘናጉ።

ዛሬ ሚቀረው ትልቁ ግድግዳ አንቲቺት ነው። ኦንላይን ጌሞች አጭበርባሪ ለመያዝ ሚጠቀሙበት ፕሮግራም አንዳንዱ የዊንዶውስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ነው ሚቀመጠው፣ ዋይን ደሞ የዊንዶውስ ከርነል የለውም፣ ሚጣበቅበት ቦታ የለም ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2021 ኢዚ አንቲቺትና ባትልአይ ሚባሉት ሁለቱ ትልልቆች ለፕሮቶን መንገድ ከፈቱ፣ ግን ውሳኔውን ለጌም ሰሪው ነው የተዉት። ኤልደን ሪንግ ከፈተው፣ ኦንላይኑ ይሰራል። ፎርትናይት አልከፈተም። ቫሎራንት ቫንጋርድ በሚባለው የራሱ አንቲቺት ምክንያት ሊኑክስ ላይ ገና ከመጀመሪያው የለም፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም በ2024 ያው ቫንጋርድ ሲገባበት ለሊኑክስ ተጫዋቾች ተዘጋ። በጣም ሚያሳዝነኝ ኤፔክስ ሌጀንድስ ነው፣ ከ2022 ጀምሮ በደንብ ሲሰራ ቆይቶ በኦክቶበር 2024 አጭበርባሪዎች በሊኑክስ በኩል ይገባሉ ተብሎ ተዘጋ። እኛ ጋ ደሞ ሚያመው ኳሱ ነው፣ የኳስ ጌሙ ሰሪ ኢኤ ከፊፋ 23 ጀምሮ የራሱን የከርነል አንቲቺት ስላስገባ ከዛ በኋላ ያሉት ሊኑክስ ላይ እምቢ ይላሉ፣ ከጓደኞቹ ጋር አዲሱን ኢኤ ኤፍሲ ኦንላይን ሚጫወት ሰው ዊንዶውሱን ባያጠፋ ይሻለዋል። አጭበርባሪ ጌም እንደሚያበላሽ አልክድም፣ ግን በሀቅ ከፍሎ የገዛው ሰው ትናንት ይሰራለት የነበረው ጌም ዛሬ ሲዘጋበት ልክ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ብዙ ጌሞች ከዊንዶውስ ጋር ተቀራራቢ ናቸው፣ አንዳንዱ ይበልጣል አንዳንዱ ያንሳል። ባለብዙ ኮር ፕሮሰሰር ላይ ጌሙ ስራውን ጎን ለጎን ለሚሰሩ ብዙ ክሮች ሲያከፋፍል ዋይን ይጨናነቅ ነበር፣ በ2025 ከወጣው ሊኑክስ 6.14 ጀምሮ ለዚ ተብሎ የተሰራ ኤንቲሲንክ ሚባል ነገር ከርነሉ ውስጥ ገብቷል።

በኖቬምበር 2025 ቫልቭ አዲስ ስቲም ማሽንና ስቲም ፍሬም ሚባል አይን ላይ ሚደረግ ቪአር አስተዋውቋል። ፍሬሙ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ስልካችን ውስጥ እንዳለው አርም ነው፣ የፒሲ ጌም ስሌት እዛ ላይ በቀጥታ አይሰራም። ስለዚ እዛ ጋ እውነተኛ ኢሙሌተር ገብቷል፣ ፌክስ ሚባለው የፕሮሰሰሩን ትእዛዝ ይተረጉማል፣ ዋይን ደሞ ከጎኑ ሆኖ በ1993 የጀመረውን የዊንዶውስን ጥያቄ ማድረስ ይቀጥላል።