«ክብሪት አምጡ!»፦ ስለ አንጎልና ነርቭ በሽታዎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ ወደ ሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ ነበር። ቆሮሶ ሲበልት የነበረ ወጣት ድንገት ቢላዋው ከእጁ አመለጠ። ራሱም ተከትሎ ወደቀና ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ክብሪት! ክብሪት ያለው!» ተባለ። አንዱ ጥርሱን በማንኪያ ሊፈለቅቅ ታገለ። አረፋው እንዳይነካቸው የሸሹም ነበሩ። የዓሣ ሾርባ የሚሸጡ አንዲት እናት ግን ቢላዋውን አራቁ፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከራሱ ሥር አደረጉለት፣ በጎኑም አስተኙት። ከሁላችንም ትክክሉን የሠሩት እሳቸው ናቸው።

«የክብሪት ሽታ ያነቃዋል።» አያነቃውም። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክብሪት ተፈልጎ፣ ተጭሮ፣ አፍንጫው ሥር እስኪደርስ ህመሙ ሊያበቃ ይቃረባል። ክብሪቱ ያዳነው የሚመስለን ለዚህ ነው። አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፤ ጥርስ ይሰበራል፣ ትንፋሽም ሊዘጋ ይችላል። ሰዓት እንይ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ያገኘነውን ባጃጅ አስቁመን ሆስፒታል ማድረስ ነው። አረፋው ደግሞ ምራቅ ነው፤ የሚጥል በሽታ በንክኪ አይተላለፍም።

«የሚጥል በሽታ መድኃኒት የለውም።» ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ ከ10 ሕሙማን እስከ 7ቱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ክኒን ለዚህ በሽታ መሰጠት የጀመረው በፈረንጆቹ 1912 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው! የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉትና በፈረንጆቹ 1990 በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ወጣቱ ሲረጋጋ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «መድኃኒት ጀምረህ ነበር?» አልኩት። «አዎ፣ ሲሻለኝ ተውኩት» አለኝ። የተሻለው መድኃኒቱ ስለያዘው ነበር። በአንዴ ማቋረጥ ህመሙን ብሶ እንዲመለስ ያደርጋል፤ የሚቆመውም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ጸበል የሚሄድም ክኒኑን ይዞ ይሂድ። አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ለዚህ ልጅ ሌላም ስጋት አለ፤ በጀልባ ሐይቁ ላይ ይወጣል። ህመሙ በደንብ እስኪያዝ ብቻውን ውሃ ላይ መውጣት የለበትም።

«የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት አትወልድም።» ትወልዳለች። ቫልፕሮዬት የሚባለው መድኃኒት ግን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

«ምች ነው፤ ዳማከሴ ጨምቁለት።» ዳማከሴን እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን ፊት ድንገት በአንድ ወገን ከጠመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲደማ የሚመጣ ነው። «እስኪነጋ እንየው» የሚባለው ነገር ሰው ያሳጣናል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመርፌ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አሁን ደግሞ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ከደም ሥር ጎትቶ የማውጣት ሕክምና አለ። በፈረንጆቹ 2018 የታተሙ ጥናቶች ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንደሚጠቅም አሳይተዋል። ይህ በየከተማው አይገኝም፤ ስለዚህ የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ሲቲ ስካን ያለበትን ሆስፒታል ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓትም ያዙ። በግምት አስፒሪን አትስጡ፤ ስትሮኩ የደም መፍሰስ ከሆነ ያባብሰዋል።

«መርሳት እርጅና ነው።» ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ሊሆን ይችላል። በኖሩበት ሰፈር መንገድ መሳት ግን ምርመራ ይፈልጋል። የታይሮይድ ችግርና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። የማስታወስ ችሎታን ቀስ በቀስ የሚያጠፋው የአንጎል በሽታ፣ አልዛይመር፣ ከሆነ በፈረንጆቹ 2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የሚባል መድኃኒት አለ። «አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት ተገኘ» እየተባለ በቴሌግራም የሚዞረው ወሬ ግን ልክ አይደለም። ሌካኔማብ አያድንም። በ18 ወር ጥናት የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ ያህል አዘገየ እንጂ አላቆመውም፤ አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማትም ሊያመጣ ይችላል። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላሉ ብቻ ነው።

«በዘር የመጣ የነርቭ በሽታ አይታከምም።» ይህም እየተቀየረ ነው። የሕፃናትን ጡንቻ የሚያዝለው ኤስኤምኤ የሚባል በሽታ በፈረንጆቹ 2019 አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ የጂን ሕክምና (ጤናማ ጂን ወደ ሰውነት የሚያስገባ) ተፈቅዶለታል። መቀመጥ ያቅታቸው የነበሩ ሕፃናት ተቀምጠዋል። ዋጋው ሲወጣ 2 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር፤ ለእኛ ገና ሩቅ ነው። የአሞራ ገደሉ ልጅ የሚያስፈልገው ግን የመቶ ዓመቱ ክኒን ነው። ሰኞ ጤና ጣቢያ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።