ስለ ወፎች በሽታ የመከላከል አቅም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ፈንግል ከአንድ ግቢ ሲገባ ዶሮዎቹ በጥቂት ቀናት ያልቃሉ፤ አጠገባቸው የታሰረችው ፍየል ግን እንደ ወትሮዋ ታመሰኳለች። «ዶሮ በሽታ የመከላከል አቅም የላትም» የሚለው አባባል የሚመነጨው ከዚህ ነው። ነገር ግን የፈንግል ቫይረስ በዋናነት የወፎች ቫይረስ ስለሆነ ፍየሏ የተረፈችው በርትታ ሳይሆን ስላልተነካች ነው። ፍየሎችን የሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታም በበኩሉ ዶሮን አይነካም።

«የወፎች መከላከያ ከአጥቢ እንስሳት ያነሰና ያልተሟላ ነው» የሚሉም አሉ። እርግጥ ዶሮ በእኛ ብብትና ብሽሽት እንዳሉት ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች የሏትም፤ ሆኖም ጣፊያ አላት፣ በአንጀቷና በዓይኗ አካባቢም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሕብረ ሕዋሳት አሏት። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ከጫጩቷ ፊንጢጣ በላይ የሚገኘው፣ ቡርሳ የሚባለው ትንሽ ከረጢት ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ፋብሪሲየስ ስለዚህ ከረጢት የጻፈው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1621 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ጥቅሙ ግን ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። ብሩስ ግሊክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከረጢቱን ያወጣላቸው ዶሮዎች በኋላ በባክቴሪያ ሲወጉ አብዛኞቹ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ጀርምን የሚዋጋ ፕሮቲን፣ ማምረት ተሳናቸው። ውጤቱ በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው በዶሮ እርባታ መጽሔት ስለነበር የሰው ሕክምና ተመራማሪዎች ለዓመታት ልብ አላሉትም። ዛሬ በሰው ደም ውስጥ የምንቆጥረው፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርተው «ቢ ሴል» የስሙን ፊደል የወረሰው ከዚሁ ከረጢት ነው፤ በእኛ ውስጥ ግን ሴሉ የሚፈጠረው በአጥንት መቅኒ ነው። የጉምቦሮ ቫይረስ የሚያጠቃውም ይህንኑ ከረጢት ስለሆነ በሽታውን ያለፉ ጫጩቶች ለሌላ ክትባት የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል።

«ቁስሉ መግል ስላልቋጠረ አልመረቀዘም» የሚለውም ያታልላል። የዶሮ ነጭ የደም ሴሎች መግልን የሚያቀልጠው ኬሚካል ስለሚጎድላቸው መግሏ አይፈስም፤ እንደ አይብ ይጠጥራል።

«ጫጩት እንገር ስለማትጠባ ባዶዋን ትፈለፈላለች» ለሚሉ መልሱ አስኳሉ ውስጥ ነው። ጥጃ ከእንገር የሚያገኘውን ፀረ እንግዳ አካል ጫጩት ከእናቷ በአስኳል ትወርሳለች። ይህ ውርስ በሳምንታት ውስጥ ይመናመናል፤ ብዙ ሳለ የተሰጠ ክትባትን ደግሞ ሊያከሽፍ ይችላል።

«የወፍ ገላ ትኩስ ስለሆነ ጀርም አይችለውም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። የዶሮ ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ይደርሳል፤ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፓስተርም በ1878 እ.ኤ.አ. አባ ሰንጋን የምትቋቋም ዶሮ በቀዝቃዛ ውኃ ስትነከር በበሽታው እንደምትያዝ አሳይቷል። ፈንግል ግን በዚያው ሙቀት ውስጥ ይራባል። የድሬዳዋ ሐሩር ደግሞ ከሐረር ደጋማ አየር ይልቅ ዶሮዎችን ያስለከልካል፤ ረዥም የሙቀት ጭንቀትም መከላከያቸውን ያዳክማል።

«ተከትበው ሞቱ፤ እንግዲህ ክትባት ለዶሮ አይሠራም» ከማለት በፊት የጠብታው ጠርሙስ በምን እንደተጓዘ መጠየቅ ይገባል። ቅዝቃዜ የሚፈልገው የፈንግል ክትባት ሕያው ቫይረስ የያዘ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ከቀፊራ ገበያ እስከ ሳቢያን ሰፈር ያለ በረዶ በፌስታል ከተጓዘ፣ ዶሮዋ ዓይን ላይ የሚንጠባጠበው ኃይሉን የጨረሰ ውኃ ሊሆን ይችላል።