አብሽሩ፣ ድቅል ሁሉ መካን አይደለም

ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ጎመን የምትሸጥን ሴት «ይሄ እኮ ድቅል ነው» ብትሏት ዋጋ ለማስቀነስ ያመጣችሁት ዘዴ ይመስላታል። ግን እውነት ነው። ስለ ድቅል ተክሎች የሚወራው ብዙው ደግሞ እውነት አይደለም።

«ድቅል አይወልድም፤ በቅሎን አታይም?»
በቅሎስ ልክ ነው። ተክል ግን መውጫ አለው። ሰናፍጭ 16 ክሮሞሶም (በሴል ውስጥ ውርስ የሚሸከም ክር) አለው፣ የጥቅል ጎመን ወገን 18። ሲዳቀሉ ከአንዱ 8፣ ከሌላው 9 ይመጣና 17 ይሆናል፤ ዘር ለማፍራት ክሮሞሶሞቹ መጣመር አለባቸው፤ እዚህ ግን ጥንዱን የሚያገኝ የለም፣ ስለዚህ ዘር የለም። አልፎ አልፎ ግን ክሮሞሶሙ በሙሉ እጥፍ ይሆናል፤ ያኔ ሁሉም አምሳያውን ያገኝና መካኑ ያፈራል። የኛ ጎመንዘር እንዲህ ነው የተገኘው፤ ክሮሞሶሙም 34 ነው። ፍሬውን ወቅጠን ምጣድ የምናስስበት ያው እሱ ነው።

«ላብራቶሪ የፈጠረው ነገር ነው።»
ኧረ በፍጹም! ምጣዱ ላይ የሚጋገረው ጤፍም የሁለት ዝርያ ክሮሞሶም ተሸክሞ 40 አለው። ቡናችንም የሁለት ጫካ ቡናዎች ልጅ ነው፣ አንዱ ሮቡስታ የምንለው። የዳቦ ስንዴ ሦስት ወላጆች አሉት። ማንም በመርፌ አልወጋቸውም።

«እንደ ድቅል በቆሎ በየዓመቱ ዘር ሊገዛ ነው?»
አይደለም። ድቅል በቆሎ የአንድ ዝርያ ሁለት ዘሮች ተዳቅለው የሚገኝ ስለሆነ ዘሩን አስቀምጣችሁ ብትዘሩት በሁለተኛው ዓመት ባህሪው ይበታተናል። ጎመንዘር ግን የሁለቱንም ወላጅ ውርስ አብሮ ይዞ ስለሚያስተላልፍ የኮምቦልቻ ዙሪያ ገበሬ ከጓሮው የለቀመው ዘር ያንኑ ጎመን ያበቅልለታል።

«አዲስ ዝርያ እንዲህ እስኪፈጠር ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል።»
ትራጎፖጎን የሚባሉ ሦስት የአበባ ዝርያዎች ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ዋሽንግተንና አይዳሆ ግዛቶች የገቡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ሁለት አዲስ እጥፍ ዝርያዎች እዚያው መወለዳቸው ተዘገበ። ያውም አንዴ ሳይሆን በተለያየ ቦታ ደጋግመው።

«ክሮሞሶሙ እጥፍ ከሆነ ብርቱ ነው፣ ሁሉን ይወርራል።»
ብዙው እንዲያውም ወዲያው ይጠፋል። አዲሱ ተክል በወላጆቹ መሃል ብቻውን ነው፤ ከነሱ ጋር ቢዳቀል የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ መካን ይሆናል። የሚተርፈው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል፣ ወይም በሥሩ እየተባዛ ዓመታት የሚቆይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተፈጠረው ስፓርቲና አንግሊካ የተባለ ሣር የባህሩን ጭቃማ ዳርቻ ሞልቶታል፤ ግን ጭቃውን ይይዝልናል ብሎ እስከ ቻይና ወስዶ የተከለው ሰው ነው።